ቀና ብዬ ውሃ ያየሁ ዕለት

ጉለሌ፣ መስከረም 1976 ዓ.ም.

ውድ ልጄ እሌኒ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ቀድሞሽ እንዲያነበው አልፈለግሁም። የሰፈራችን የበዳሳ ልጅ ገለታ እንደ አንቺ ለትምህርት ወደ ኩባ ሊሄድ ስለሆነ፣ ካልሲው ውስጥ አድርጎ ሊያመጣልሽ ምሎልኛል። እግሩ ቢሸትም ታገሺው። በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ፊደል ለአጭር ነገር ይበቃኛል፤ ለረጅም ነገር ግን እጄ ገና አልተፈታም። ቀስ ብዬ ስለጻፍኩት አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ስለ አውሎ ነፋሱ የጻፍሽልኝን ለጎረቤታችን ለዘይነብ ደጋግሜ አነበብኩላት። እዚያ ሲክሎን ይሉታል አልሽ። ሊመጣ ሲል ሰማዩ እንደ መዳብ ይቀላል፣ ወፎቹ ይጠፋሉ፣ መስኮቱ ሁሉ በጣውላ ይመታል፣ እናንተን በካሚዮን ጭነው ወደ ድንጋይ ሕንጻ ይወስዷችኋል። ዘይነብ «ጣሪያ ሲያነሳ አይቻለሁ፤ ጀልባ ከባሕር አንስቶ አስፋልት ላይ የሚያስቀምጥ ነፋስ ግን፣ ያ አላህ!» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ የትምህርት ቤታችሁን ሽማግሌ አትክልተኛ ነገር ጻፍሽ። ከቤቴ አልወጣም ብሎ ስለተቀመጠ ሁለት ወታደሮች ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡት፤ እናንተም በካሚዮኑ ላይ ሆናችሁ ሳቃችሁ። በመጨረሻም «እማዬ፣ ሰው ሞት ሲመጣበት እያየ እንዴት ቤቱ ውስጥ ቁጭ ይላል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እኔ አልሳቅሁም፤ ሰውየው ገብቶኛል። በነሐሴ እኔም እንደሱ ተቀምጬ ነበር።

አንቺ ስትሄጂ ገና ልጅ ስለነበርሽ ሁሉንም አልነገርኩሽም። ወንድምሽን ስለሺን የወሰዱት ሰዎች «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ነበር ያሉኝ። ራቱን እንኳ አላነሳሁም፣ ሳህኑን ከድኜ ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ እስር ቤቱ ደጃፍ ስንቅ ማመላለስ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት በረኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰልኝና «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» አለኝ። ሌሎች እናቶች ይህን ሲሰሙ እዚያው መሬት ላይ ይወድቁ ነበር። እኔ አልወደቅሁም። ወደ ሌላ እስር ቤት አዛውረውት ነው ብዬ አገልግሌን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አስከሬን አላየሁ፣ የነገረኝ የለ፤ ስለዚህ መጠበቄን ቀጠልኩ። አንቺም በየደብዳቤሽ «ስለሺ መጣ ወይ?» ትያለሽ፤ እኔም «ገና ነው» እያልኩ እጽፋለሁ።

አባትሽ ኦጋዴን ሲወድቅ ቀበሌው የጀግና ሚስት ነሽ ብሎ ከላይ ከአስፋልቱ አጠገብ ጥሩ ቤት ሊሰጠኝ ነበር። አልፈልግም አልኩ። ሰዉ ሁሉ «የወንዝ ዳር ጭቃ ወዳ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ልጄ የሚያውቀው ይህንን ቤት ነው ብል ማን ይሰማኛል? ማታ ማታም በሩን ከውስጥ ቀርቅሬው አላውቅም። ቢመጣ ማንኳኳት ሳያስፈልገው እንዲገባ ነው።

ታዲያ በዚህ ክረምት መሬቱ ጠግቦ ውሃ እምቢ ማለት ጀመረ። ያን ዕለት ከምሳ በኋላ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ ብል አይገልጸውም፤ ተራራው ራሱ ተነስቶ የመጣ ነበር የሚመስለው። ነፋሱ ቀደመ። እነዚያ ረጃጅም ባሕር ዛፎች እስከ መሬት ጎንበስ ብለው ሲነሱ፣ እንደገና ጎንበስ ሲሉ፣ ከዚያ አንዳንዶቹ ሳይነሱ ሲቀሩ በዓይኔ አየሁ። ቀጥሎ በረዶው መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ራሴን እንኳ መስማት አቃተኝ። ግቢው በአንድ አፍታ ነጭ ሆነ። ፈራሁ፤ ግን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ውብ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ልጅ አፌን ከፍቼ አየሁት።

በረዶው ጋብ ሲል ስብሐት ድምፅ ማጉያውን ይዞ መጣ። ያ ከአንቺ ጋር የተማረው የጎረቤት ልጅ ነው፤ አሁን የቀበሌ ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ይይዛል። «ከወንዙ ዳር ያላችሁ በሙሉ ውጡ! የወደቀው ዛፍ ድልድዩን ደፍኖታል! ውሃው ከኋላው እየተጠራቀመ ነው!» እያለ ይጮሃል። ድልድዩ ከእኛ ቤት በላይ ነው። ውሃው ሰብሮት ከተነሳ ምን እንደሚሆን ለመረዳት መማር አያስፈልግም። ሰዉ ፍራሹን፣ ልጁን፣ ዶሮውን ተሸክሞ ወደ ዳገቱ ተመመ። እኔ ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ዘይነብ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገባች።

«አንቺ! አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጋሪ እንዲላክልሽ ነው?»

«እናንተ ሂዱ።»

«ሙዘይን! ሰማህ? ንግሥቲቱ አሰናበቱን!»

ባሏ ሙዘይን የሱቁን ስኳር በጆንያ ተሸክሞ በደጃፍ እያለፈ ነበር። «ኧረ ስኳሩ ጀርባዬ ላይ ሻይ እየሆነ ነው! ክርክሩን ዳገቱ ላይ ጨርሱት!» ብሎ ሄደ።

«ዘይነብ፣» አልኳት፣ «ስለሺ ቢመጣስ? የት ብሎ ያገኘኛል?»

የሰበሰበችውን ቀሚስ ለቀቀችው። ስሙን ከጠራን ስንት ጊዜያችን ነው? ግድግዳ ተጋርተን፣ ጨው ተበዳድረን፣ እሱን ግን አንስተነው አናውቅም። እንዳላሳምማት ብዬ፣ እሷም እንዳታሳምመኝ ብላ።

«የኔን ጩኸት ተከትሎ ይመጣላ፣» አለች በመጨረሻ። «ሽሮ ሜዳ ድረስ ይሰማል ትሉኝ የለም?»

ሳቅሁ። አልተነሳሁም ግን። እሷም አየችኝና ጎርፉ በሚያልፍበት በደጃፉ መድረክ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ተቀመጥኩ።»

«ልጆችሽስ?»

«ከአባታቸው ጋር ናቸው። እኔ ብሞት አንቺ ታሳድጊልኛለሽ።» ትንሽ አሰበችና «ወይኔ፣ ለካ አንቺም ትሞቻለሽ!» አለች።

በዚህ መሃል ወንዙ ዝም አለ።

እሌኒ፣ ያን ዝምታ እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ክረምት በጋ ስንሰማው የኖርነው ድምፅ፣ ተኝተን እንኳ የምንሰማው፣ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ሁለታችንም ወጣን። ወንዙ ባዶ ነበር። ተወልደሽ እስክታድጊ ልብስ ያጠብኩበት ወንዝ፣ ታችኛውን ድንጋይ አይቼው የማላውቀው፣ ሆዱን ገልጦ ተኝቷል። ድንጋዮቹ ያብረቀርቃሉ። ወደ ላይ ወደ ድልድዩ ዞርን። ግንዱ፣ ቅርንጫፉ፣ የሰው አጥር፣ የሰው ጣሪያ አንድ ላይ ተጠላልፎ ግድግዳ ሆኗል፤ ከግድግዳው በላይ ደግሞ ውሃው ቆሟል። ውሃ ለማየት አንገቴን ቀና አደረግሁ። ሰው ውሃን ወደ ታች ነው የሚያየው። እኔ ያን ዕለት እንደ ሰማይ ቀና ብዬ አየሁት። ከላዩ ላይ አንድ የሕፃን አልጋ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ማንም አልተኛበትም፣ ተመስገን። ሙሴ ባሕሩን ከፍሎ ሲያልፍ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ያየው እንዲህ ያለውን ይሆን አልኩ። ጎንበስ አልኩ፤ መፍራቴ ይሁን መስገዴ ለይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ቤቴ ዞርኩ። በሩ እንደ ሁልጊዜው ክፍት ነው። በዚያች ቅጽበት ስለሺ በዚያ በር ሲገባ ታየኝ፤ ያችን ቡናማ ሹራቡን ለብሶ፣ ጎንበስ ብሎ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር መጣ። እኔስ ምን ልለው ነበር? ና ልጄ፣ ቁጭ በል፣ ራትህ ይኸውልህ ነው? «ሩጥ!» ነበር የምለው። ምን ልትሠራ መጣህ፣ ከዚህ ቤት ውጣ፣ ሩጥ!

እዚያው ቆሜ ገባኝ። ልጇ ቢመጣ የምታባርረው እናት ምን ትጠብቃለች? ያ ቤት ለሱ ቤት መሆኑ ቀርቷል። ያን ማመን ደግሞ ሌላውንም ማመን ነበር። ያ በረኛ ያለኝን ነገር ያን ጊዜ፣ በባዶ ወንዝ ዳር፣ ገና ሰማሁት።

በሩን ከውጭ ሳብኩና ዘጋሁት። የዘይነብን እጅ ያዝኩ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣን አላስታውስም፤ እሷ ግን እየጎተትሽኝ ነው የወጣሁት ትላለች።

ላይ ደርሰን ትንፋሻችን ሳይመለስ ውሃው ሰብሮ ተነሳ። መጀመሪያ ድምፁ በእግሬ ገባ፣ ከዚያ በጆሮዬ። ዛፎቹ ቆመው መጡ፤ እሌኒ፣ ቆመው፣ ሥሮቻቸው ወደ ላይ። ቤታችን ጥቂት ተቋቋመ። ከዚያ አሮጊት ጉልበቷን ይዛ እንደምትቀመጥ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለና ሄደ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ሲያይ አንድ ሰው አልጮኸም። ክርስቲያኑ ያማትባል፣ እስላሙ እጁን ይዘረጋል። የሁላችንም አፍ የያዘው አንድ ነገር ነበር። ከዳገቱ በታች የሞተ ሰው የለም፤ ስብሐት ከየቤቱ ጎትቶ አውጥቷቸው ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ዝናቡ እንደገና ሲጀምር በዳሳ ምንም ሳይናገር የእድራችንን ትልቅ ድንኳን አውጥቶ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተከለው፤ የእድሩ ዕቃ የሚጠበቀው በሱ ነው። አግዳሚዎቹንም ደረደረ። ገባን። ከዚያ የሆነውን ስነግርሽ ማንም አላዘዘንም። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀመጥን፤ ነጠላችንን ወደ ዓይናችን ሳብ አደረግን፤ ዝም አልን። በዚያ ድንኳን ውስጥ ሌላ አቀማመጥ አናውቅማ!

እማማ ማሚቴን ታስታውሻቸዋለሽ፣ በሰፈራችን ለቅሶ ሁሉ ግጥም የሚያወጡት። አሁን ዓይናቸው አያይም። ሰው መርቶ አስገባቸው። በእጃቸው ሸራውን ዳሰሱ፣ አግዳሚውን ዳሰሱ፣ የሰዉን ዝምታ አዳመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«የማን ነው፣ ልጆቼ?»

አንዱ ጎረምሳ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ዘይነብ «ኧረ እማማ፣ ይህ እኮ ለዝናቡ...» ብላ ጀመረች።

«የልጄ ነው፣ እማማ» አልኩ። «የስለሺ ነው።»

ለአባትሽ ይኸው ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ ቀበሌው ባንዲራ ይዞ መጥቷል። ለስለሺ ግን ድንኳን ክልክል፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ ክልክል፣ ደረት መምታት ክልክል ነበር። እናቲቱ ስታለቅስ ከታየች ደግሞ እሷም ትወሰዳለች። ስለዚህ ያን ስም ስናገር ድንኳኑ ውስጥ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰማሁ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳትጠሩኝ?» አሉ እማማ ማሚቴ፣ በቁጣ። «እኔ ሞቻለሁ?» ከዚያ ብድግ አሉና፦

«ደጅሽ ሳይዘጋ አምስት ክረምት አልፎ፣
ስለሺ ገባልሽ ጎርፉን ተደግፎ።»

ልጄ፣ ከዚያ በኋላ እኔ አልነበርኩም። ደረቴን ስመታ እጄን ዘይነብ ያዘችኝ፤ እሷም ታለቅሳለች። ከኋላችን ደሳለች፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ተነሳችና የልጇን ስም ጠራች። ያቺ ልጅ ወደ ገጠር ዘመድ ጋ ሄደች ብላን ነበር፤ እኛም ያመንን መስለን ኖርን። ሌላዋም ተነሳች፣ ሌላዋም። ስንት ስም ነበር በየጉሮሯችን! ዝናቡ ሸራውን ይመታል፣ እኛ ደረታችንን እንመታለን፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሰማይና ሰው አብረው ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከላይ የመጣ አንድ ካድሬ በድንኳኑ በር ብቅ ብሎ «ምንድን ነው ይህ ጩኸት?» አለ። ስብሐት ጠመንጃውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ዞር ብሎ ሳያየን «ቤታቸው በጎርፍ ሄዶባቸው ነው፣ ጓድ» አለው። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ስብሐት ፊቱን ወደ ዝናቡ አድርጎ ቆመ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። እድሩ ንፍሮውን ቀቀለ፣ ሙዘይን ከስኳሩ የተረፈውን አመጣ። አሁን ከላይ ከአስፋልቱ አጠገብ ቤት ሰጥተውኛል፤ ማታ በሩን ቀርቅሬ እተኛለሁ። እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለፈው እሑድ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ የክርስትና ስሙን ለቄሱ ሰጠሁ፤ ወልደ ሥላሴ ነው። ቄሱ ለምን ዘገየሽ ብለው አልጠየቁኝም።

እሌኒ፣ ከእንግዲህ «ስለሺ መጣ ወይ?» ብለሽ አትጻፊልኝ። ወንድምሽ ሞቷል። ይህን ስታነቢ ብቻሽን አትሁኚ። ከአንቺ ጋር ያሉት ልጆች ብዙዎቹ የኔን ዓይነት እናት አላቸው፤ ሰብስቢያቸውና መሃላቸው ተቀመጪ። ድንኳን ባይኖር ጣሪያ ይበቃል። ማን ነው የሞተው ብለው ሲጠይቁሽ ስሙን ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። ከዚያ ደግሞ የነሱን ጠይቂ።

በርቺልኝ፣ የዓይኔ ማረፊያ።

የስለሺና የእሌኒ እናት፣
የዓለምወርቅ