ሐዊ ቅጂ ያነሳችለት ላፕቶፕ

ጭሮ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከቦርደዴ በማስረጃነት ለመጣው ላፕቶፕ ዛሬ ሙሉ ቅጂ ያነሳችለት በኮምፒውተር ምርመራ ክፍላችን አዲሷ ባልደረባዬ ሐዊ ናት። እሷ ሥልጠና ጨርሳ ከመጣች ወዲህ ዐቃቤ ሕጉ እኔን መጥራት ትተዋል። ቅናት አንገብግቦኝ፣ ዐቃቤ ሕጉ ለክሱ የሚፈልጓቸውን፣ ከላፕቶፑ የተሰረዙ ደብዳቤዎች ቀድሜያት ላገኝ ትናንት ብቻዬን ከፍቼው ነበር። ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ኤስኤስዲ ግን እንደ ድሮው ዲስክ አይደለም፤ ኃይል ካገኘ የተሰረዘውን ራሱ ጠርጎ ያጠፋዋል። እያወቅሁ ዘነጋሁት።

ቅጂው ላይ ደብዳቤዎቹ የሉም።

«ማን ነው የከፈተው?» አሉ ዐቃቤ ሕጉ።

ሐዊ የተከፈተበትን ሰዓት አይታለች። ጠጋ ብላ፣ «ኦቦ ታደሰ፣ ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል» አለችኝ በዝግታ። ፊት ለፊት ብታጋልጠኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልተቆጡም። ወደ እሷ ዞሩና «እና አሁን ምን ብናደርግ ይሻላል፣ ሐዊ?» አሏት። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜያለሁ።