ልዩ ፈቃድ መቼ እንደሚሰረዝ ላስረዱኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ በፊት የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሴት ልጅ እንዳለችዎ ጠረጴዛዎ ላይ ካለው ፎቶግራፍ አይቻለሁና፣ በተለይ እርሷን ደኅና ያድርግልዎ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ምስጋናዬን ግን እንደመሰለዎት ይውሰዱት።

እኔ ከአራት ወር በፊት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ የልጄ ባል ሽጉጡን እንዲመልስ የለመንኩዎት ሴት ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስሕተት ቢገኝባት ይታለፍልኝ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የልጄ ባል የመጋዘን ጥበቃ በነበረ ጊዜ ሽጉጡን ይዞ ቤቱ እንዲገባ ልዩ ፈቃድ ሰጥታችሁት ነበር። እኔ ቢሮዎ ስመጣ ከሥራው ከተባረረ ሁለት ወር ቢሞላውም ሽጉጡ ከትራሱ ሥር አልወጣም ነበር። መጋዘን የሌለው ጥበቃ ምን ይጠብቃል ብዬ ብጠይቅዎት፣ ልዩ ፈቃድ የሚሰረዘው ባለፈቃዱ ሥራውን ሲለቅ፣ መሣሪያውን ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ ሲጠቀምበት ወይም ለሰው አስጊ መሆኑ ሲረጋገጥ እንደሆነ፣ መነጽርዎን አድርገው ከደንቡ ላይ አነበቡልኝ። አንዱ እንኳ እንደሚበቃ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ እናቴ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እናቴ፣ ይህ ወረቀት ከዚህች ክፍል አይወጣም ብለው እጅዎን ትከሻዬ ላይ ሲያደርጉ፣ የአቤቱታው ቅጽ የጠየቀኝን ሁሉ ሞላሁ። ሥጋት ያለበት ሰው አሁን የሚገኝበት አድራሻ ለሚለውም፣ ልጄ ከባሏ ሸሽታ የተጠጋችበትን የእህቴን ቤት ጻፍኩ፦ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር፣ ወደ ውስጥ ሁለተኛው ክፍል። ቤቱ እንዳይጠፋ ብዬ ነበር። አልጠፋም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጽሕፈት ቤቱ ትጋት አመሰግናለሁ። አቤቱታ የቀረበበት ባለፈቃድ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ እንደሚጠየቅ፣ ከጥያቄውም ጋር የአመልካቿ ቅጽ እንዳለ ኮፒ ተደርጎ እንደሚላክለት አልነገሩኝም ነበር። መልእክተኛችሁ እጅ በእጅ አስረክቦ አስፈርሞታል፤ ፊርማውን በኋላ መዝገቡ ላይ አሳይተውኛል። እርሱም አሥራ አምስት ቀን አላስጠበቃችሁም፤ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴውን በር አንኳኳ። ልጄ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። እህቴ የከፈተችለት እኔ የመጣሁ መስሏት ነው።

በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። መሣሪያውን ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ ስለተጠቀመበት ልዩ ፈቃዱ ተሰርዟል ይላል። ስለዚህ ደንባችሁ እንደሚሠራ አይቻለሁ፤ የጎደለው ማረጋገጫ ብቻ ነበር፣ እርሱንም ልጄ አሟላችላችሁ።

የልጄ ባል ታስሯል። ለእርሱ ምንም አልጻፍኩለትም፣ አልጽፍለትምም። ከእርሱ የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ ከእርስዎ ግን አልጠበቅሁም። እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው ልጄን በወረቀት ላይ ያኖርኳት።

አሁን የምለምንዎት ለእርሷ አይደለም። ባለፈው ሰኞ፣ ከቅጹ ጋር አያይዤ የሰጠሁትን ፎቶግራፏን ልቀበል ስመጣ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ቅጽ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትሞላ አገኘኋት። የእርሷም ባል ልዩ ፈቃድ አለው። «ልጄ፣ አድራሻውን ባዶ ተይው» ብያት ባዶ ብትተወው፣ ጸሐፊዎ ያልተሟላ ቅጽ አንቀበልም ብላ መለሰችባት። ያ ቅጽ አሁን የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው። ክቡርነትዎ፣ መጀመሪያ መሣሪያውን ከባሏ ይውሰዱ፣ መልሱን ከዚያ በኋላ ይጠይቁት። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለወንበሩና ለመልካም አንደበትዎ ውለታዎን መመለስ የማልችል፣

እናቴ ያሏት ሴት

ማስታወሻ፦ የዚያች ነፍሰ ጡር ቅጽ ተሟልቶ ነው የገባው። በአድራሻው ቦታ የራሴን ቤት ሞላሁላት፤ እርሷ እዚያ የለችም። እንደ ልማዳችሁ ኮፒውን ለባሏ ከላካችሁለት፣ ሲያንኳኳ የምከፍትለት እኔ ነኝ፤ ማን እንደላከውም አልጠይቀውም።