የዳዕሮው ጥላና የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ

ለክቡር የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር
መቐለ፣ ኅዳር 1940 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በቅሎዎስ ደኅና ናት? እኛ የተማሪ ወላጆች ከመድከማችን በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ደኅና ነን።

ከአዲስ አበባ ተምረው የመጡትን ዴሞክራሲ ሳይሰስቱ ስላካፈሉን በቅድሚያ እናመሰግናለን። ወላጆች ተጠሪያቸውን በገዛ ፈቃዳቸው እንዲመርጡ፣ ፈቃዳቸውንም ከሚመርጡት ሰው ኋላ በመሰለፍ እንዲገልጹ ያዘዙን እርስዎ ነዎት። ታዘን ተሰለፍን። ቅሬታችን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አንደኛ፦ አብዛኞቻችን የተሰለፍነው ከወይዘሮ የትምወርቅ ኋላ ነበር። እርሳቸው ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ሲሆኑ፣ ለሦስተኛ ክፍል ጣሪያ ብለን ተጋግዘን ያመጣነው ቆርቆሮ የት እንደደረሰ እጠይቃለሁ ያሉ ብቸኛ ሰው ናቸው። ከባለቤትዎ ወንድም ከአቶ አስናቀ ኋላ የቆማችሁት ግን እርስዎና ዘበኛው ብቻ ነበራችሁ። ይህን አይተው፣ ወይዘሮዋ በትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው ከዳዕሮው (ከሾላው) ዛፍ ሥር ስለቆሙ ሕዝቡ የተከተለው ጥላውን እንጂ እርሳቸውን አይደለም ብለው ምርጫውን ሰረዙት። ስለ ዛፍ ያለዎትን እውቀት አደነቅን።

ሁለተኛ፦ በሳምንቱ አቶ አስናቀን ከዳዕሮው ሥር፣ ወይዘሮ የትምወርቅን ከሜዳው መካከል አቆሟቸው። እኛም በቀትር ፀሐይ ሜዳው ላይ ተሰለፍን፤ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆሙ። እርስዎ ግን፣ ጥላ እያለ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው አእምሮው የተስተካከለ ስላልሆነ አይቆጠርም ብለው አቶ አስናቀን ሾሙልን። ስለ ጤናችን ይህን ያህል በመጨነቅዎ አላህ ይስጥልን።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እንኳ ደክሞኛል። ልጄ ዘሃራ የምትማረው ጣሪያ በሌለው በዚያ ክፍል ነው። ፀሐዩ መትቷት ራሷን ስላመማት ከሰኞ ጀምሮ ተኝታለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ከማዘን በቀር የማደርግላት የለኝም። የበቅሎዎ ጋጣ በአዲስ ቆርቆሮ መከደኑን ግን በመንገድ ሳልፍ አይቻለሁ፤ ሥራው ያማረ ነው። አቶ አስናቀም ተጠሪያችን ሆነው ስለ ቆርቆሮው እስካሁን አንድም ጥያቄ ባለማንሳታቸው ትዕግሥታቸውን አመሰግናለሁ።

በመሰለፍ ብዛት እግሩ የዛለ፣ ሦስተኛ ጊዜም ቢጠሩት ተነሥቶ የሚሰለፍ ታዛዥዎ፣
አብዱልወሃብ ሐቢብ
ከወሎ መጥቶ መቐለን የለመደ ቆዳ ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምርጫው የሚደገም ከሆነ በሦስተኛ ክፍል ውስጥ ይደረግ ስትል ዘሃራ ከተኛችበት ሐሳብ አቅርባለች። እዚያ ጥላ ስለሌለ፣ ጥላ ፈልጎ ቆመ ተብሎ የሚጠረጠር ወላጅ አይኖርም።