የእታለም «አይሆንም»

ቅዳሜ

«አይሆንም» አለች፣ ገና ነገሬን ሳልጨርስ።

የዓይን ሐኪሞች እኔ ወደምኖርበት ፍኖተ ሰላም መጥተዋል፤ የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ። ምዝገባው ማክሰኞ ያበቃል። ታላቅ እህቴ እታለም በቀኝ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። በግራዋም ጭጋግ ነው። እኔን ያወቀችኝ በሳሌ ነው።

እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ እስከ ደጇ በባጃጅ መጣሁ። የጠራችኝ ልጇ የሺ ናት፤ ቡሬ ታስተምራለች፣ እስከ ሰኞ ፈቃድ ወስዳ እናቷ ዘንድ ናት። «ጋሼ፣ እኔን አትሰማኝም። እርስዎን ግን ታፍራለች» ብላኝ ነበር።

አላፈረችኝም። «የተነካ ዓይን ይፈስሳል» አለች፤ በቃ።

እታለም ስለ ምንም ነገር «ደህና ይሆናል» ብላ አታውቅም። አውድማው ሞልቶ «ዘንድሮ እንዴት ነው?» ሲሏት «ምን እህል አለ ብላችሁ፣ ገለባ ነው» ትላለች። ይህስ የአገሩ ወግ ነው፤ እህሉን ያወደሰ ሰው ዓይን ያስበላዋል ይባላል። እሷ ግን ከአውድማ አውጥታ ለሁሉም ነገር አደረገችው። ለዝናቡ፣ ለመንገዱ፣ ለየሺ ትዳር። መብራት ሲመጣ «ይሄዳል» ትላለች። ይሄዳልም።

እዚሁ አደርኩ።

እሁድ

አበላሸሁት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለስለስ ብላ ነበር። «እስቲ ንገረኝ፤ ክፉው ምንድን ነው?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ለጥያቄ ትክክለኛ መልስ እሰጣለሁ። ስልኬን ከፍቼ አነበብኩላት። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ሊደማ ይችላል። አንዳንድ ሰው ዓይኑን ጨርሶ ያጣል። ብዙው ሰው እንደሚድን የተጻፈው ከታች ነበር። እዚያ ሳልደርስ «በቃኝ» ብላ ተነሣች።

የሺ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ዜና እያነበቡ ነው እንዴ?»

እውነቷን ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ስልኬን ከፍቶ የት ምን እንደተበላሸ ማየት ነው። መንገድ ተከፈተ ሲባል «ይዘጋል» እላለሁ። ሲዘጋ ደግሞ፣ ማመን አለብኝ፣ ትንሽ ደስ ይለኛል፤ አውቄ ነበርና። የእህቴ «አይሆንም» እህሏን ይጠብቅላታል። የእኔው ምን እንደሚጠብቅልኝ አላውቅም።

ነገ ማርያም ናት። ማኅበሩ እሷ ቤት ነው።

ሰኞ

አሁንም ያዞረኛል። እኔም ከዳቦው በልቻለሁ።

በዚህ መንደር እህል በመልቀም እታለምን የሚያህል የለም። ከስንዴ መሐል እንክርዳድ ስትለይ ዶሮ ናት። ዓይኗ ሳይደክም ለዘር የሚሆነውን ሁሉ እሷ እንድታየው ያመጡላት ነበር። ለማኅበሩ ዳቦ የሆነውንም ስንዴ ራሷ ለቀመችው። የሺ «ላግዝሽ» ስትላት «እጄ ያውቀዋል» ብላ መለሰቻት። ሁላችንም ዓይኗን እያወቅን ዝም አልን። እንክርዳድ፣ ያ የሚያሰክረው አረም፣ ደግሞ በእጅ አይታወቅም።

መጀመሪያ ጎረቤቷ እማማ ጥሩዬ «ቤቱ ይዞራል» አሉ። ቀጥሎ አጠገባቸው ያሉት። ከዚያ ቄሱ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ «ምነው፣ ጠላው ገና አልተቀዳም እኮ!» አሉ። ያስመለሳቸውም አሉ። የሺ የተረፈውን ዳቦ ቆርሳ አየችው፣ ሸተተችው፤ «እንክርዳድ ነው» አለች። ጥላ ሥር አስተኛናቸው፣ ውኃ አጠጣናቸው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም በእግራቸው ገቡ። ተመስገን።

እማማ ጥሩዬ ከመሄዳቸው በፊት «እታለም፣ ያለ ጌሾ አሰከርሽን! ከርሞ ጠላ አትጥመቂ፣ በዳቦው እንጨርሰዋለን» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እታለም አልሳቀችም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ የቀረውን ስንዴ በጣቷ ትበትናለች፣ ትሰበስባለች።

ማክሰኞ

ስነሣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከዘራዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«አይሆንም» አለችኝ። «ግን እንሂድ።»

«ምን ተገኘ?»

«ዓይኔ ቢፈስ የምጎዳው እኔ ነኝ። ትናንት ግን ሰው ልፈጅ ነበር።»

የሺ የምታስተምረው ስላላት ቡሬ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ያስጨነቀኝ፦ ሚኒባሱ እስኪሞላ የጠበቅነው። ሰልፉ። ከፊታችን ያሉት ሰው መታወቂያቸውን ረስተው የተመለሱት፤ የእሷን ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዳበስኩት። ከዚያ የደም ግፊቷ ከፍ አለ።

«አላልኩህም?» አለች። ደስ ያላት ትመስላለች።

ነርሷ «እናቴ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ እንደገና እንለካለን» አለቻት። አረፈች። ወረደ። ስሟ ተጻፈ። ነገ ጠዋት።

ማታ እኔ ቤት እራቷን በቅጡ አልበላችም። የዳቦውን ነገር ደጋግማ አነሣች እንጂ ስለ ዓይኗ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ረቡዕ

ስትገባ ከዘራዋን ሰጠችኝ። «ያዘው፤ ስወጣ ይብስብኛል» አለች።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ዘጋሁት። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት ሌላ የትም አልጽፈውም፦ ነገሩ ቢበላሽ ለየሺ የምነግርበትን አረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ዓይነት አድርጌ፣ አንዱን አጠር፣ አንዱን ረዘም። ቢሳካ ምን እንደምላት ግን አላሰብኩም ነበር።

ቀኝ ዓይኗን በፋሻ አሽገው አወጧት። ካሰብኩት ፈጥነው።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ጥሩ ነው አለ። ጥሩ ነው የሚል ሰው ያስፈራኛል።»

ለየሺ ደወልኩ። «ወጣች» አልኳት። እሷም «ወጣች?» ብላ አለቀሰች።

ሐሙስ

ፋሻውን ፈቱት። እታለም ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ነርሷ እጇን ዘርግታ «እናቴ፣ ስንት ጣት ነው?» አለቻት።

ገለጠች።

«ሦስት። የመሐሉ ጥፍርሽ ተሰብሯል።»

ነርሷ ጣቷን አየችና ሳቀች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የታዘዘልን፦ ጠብታ በቀን አራት ጊዜ። አለማሸት። አለማጎንበስ። ጭስ አለመቅረብ። ግራ ዓይኗ ለሌላ ጊዜ። ለአንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ትቆያለች።

ከሰዓት በኋላ ጠብታዋን ላደርግላት ስገባ ጓዳ ናት። የምስሬን ማሰሮ አውርዳ፣ ሰፌድ ፈልጋ፣ ቀና ብላ ተቀምጣ ትለቅማለች። አጠገቧ እፍኝ የሚሞላ ጠጠር ተከምሯል።

«ይህንን ነው ስትበላ የኖርከው? ጥርስህ እንዴት ተረፈ?»

«አንቺ ደግሞ እረፊ ተብለሻል።»

«አላጎነበስኩም።» እንደገና ወደ ሰፌዱ። ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ግራው እንኳ አይሆንም» አለች። «መቼ ነው ያሉት?»

«ከፋሲካ በኋላ፣ ሲመለሱ።»

«ይመለሳሉ?»

«ማን ያውቃል» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መንገዱን አሰብኩ፣ ጊዜውን አሰብኩ።

«ይመለሳሉ» አልኳት።

አንድ ጠጠር ለቅማ ከክምሩ ላይ ጣለች። በምን እንዳወቅሁ አልጠየቀችኝም።