ስለ ተቀባው ክሪክ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ስምሪትና ንብረት አስተዳደር መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም አገጭዎንና ጥርስዎን ደህና ያድርግልዎ። አገጭን ለይቼ ማንሳቴ ቢያስገርምዎ አይፈረድብዎትም፤ እኔም እስካለፈው ወር ድረስ የሰው አገጭ ይህን ያህል ያሳስበኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እኔ ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ይዤ ወደ ሆስፒታል የምመላለሰው፣ ጭቃና ድንጋይ ይችላል ተብሎ መምሪያዎ በመደበልን መኪና ነው። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረበት እንኳ የመኪናው ሾፌር ነበር። እሱን ሁላችንም ሬዲዮ እያልን ነው የምንጠራው፤ ሞተር ሳያስነሳ ወሬ ያስነሳል፣ ሞተሩ ጠፍቶም እሱ አይጠፋም። ዛሬ ግን መንጋጋው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ሾርባ በቀጭን ቱቦ እየሳበ ነው የሚውለው። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼው ነበር፤ የጻፈው ግን ለክብርዎ የሚመጥን ሆኖ ስላላገኘሁት ጨዋውን ድርሻ እኔ ወስጃለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ቀለሙ ከልብ አመሰግናለሁ። እርስዎ በሚመላለሱበት አስፋልት ላይ ክሪክ ብዙም ሥራ ስለሌለው ምን እንደሆነ በትሕትና ላስረዳ። የእኛው ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚመጣ፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ የብረት ዘንግ ነው። እጀታው ወደ ታች በተጫነ ቁጥር ሁለት ፒኖች ተራ በተራ ከአንዱ ቀዳዳ ወጥተው ወደሚቀጥለው እየገቡ፣ መኪናውን ተሸክመው ሽቅብ ይወጣሉ። ፒኖቹን ወደ ቀዳዳው የምትገፋቸው ደግሞ ከጣቴ የማትበልጥ ሞላ ናት። ሬዲዮ ይህችን ሞላ እንደ አራስ ነበር የሚንከባከባት፤ ከጭቃ በተመለሰ ቁጥር በብሩሽ ያጥባታል፣ ያደርቃታል፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ያደርግባታል። ግራሶ አሸዋ ይሰበስባል ብሎ ግራሶ ወደሷ አያስጠጋም። ይህን እኔ ያወቅሁት ለእውቀት ጓጉቼ አይደለም፤ እሱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ይማረዋል። ታዲያ ባለፈው የመኪኖች ምረቃ ዋዜማ፣ በመምሪያዎ ትእዛዝ፣ ቀለም ቀቢው መኪናውን ነጭ ሲቀባ ክሪኩንም አብሮ ነጭ ቀባው። ዘንጉን፣ ቀዳዳዎቹን፣ ፒኖቹን፣ ሞላዋንም ሳይቀር፣ ያውም ደጋግሞ። እንዴት እንዳማረበት በምረቃው ፎቶግራፍ ላይ ሁላችንም አይተናል። ከፒኖቹ አንዱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከተቀመጠበት ለመንቀሳቀስ ልመና ይፈልግ ጀመር።

ሁለተኛ፤ ስለተሰጠው አዲስ የክብር ቦታ አመሰግናለሁ። ክሪኩ ቀድሞ የሚታሰረው ከኋላ በር ላይ፣ ከትርፍ ጎማው ጎን ነበር። የሬዲዮ ባለቤት ከአሮጌ የዝናብ ልብስ የሰፋችለትን ሽፋን ለብሶ፣ እንዳይንኳኳ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ ተነጥፎለት፣ ከጭቃም ከአቧራም ተከልሎ ይኖር ነበር። እርስዎ ግን ሽፋኑን ሲያዩ የእብድ ካፖርት ይመስላል አሉና ተገፎ ተጣለ፤ ክሪኩም ከፊት፣ ከመብራቶቹ በታች፣ እንደ ሜዳልያ ተሰቀለ። ይህ ለዓይን ያማረ አሠራር ነው። ችግሩ መኪና ጭቃ ውስጥ የሚሰጥመው አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫው በመሆኑ፣ አሁን ከሁሉ ቀድሞ የሚቀበረው ከጭቃ እንዲያወጣን የተሰጠን ዕቃ ሆኗል። የታሰረባቸው ብሎኖችም ከነዳዶዎቻቸው ስለተቀቡ፣ በቁልፍ ከመፈታታቸው በፊት በድንጋይ መቀጥቀጥ አለባቸው። ውበት ዋጋ ያስከፍላል መቼም።

ሦስተኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያውም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሬዲዮ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው እግሩ ከሚወዛወዘው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ከጠበቀ በኋላ፣ የፒኖቹን ቀለም ልፋቀው፣ ክሪኩንም ወደ ኋላ ልመልሰው ብሎ ለምኖዎት ነበር። ምላሽዎ ሳይዘገይ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ተለጠፈልን፦ የተሽከርካሪን ወይም የተገጠመበትን ዕቃ ቀለም የፋቀ፣ የላጠ ወይም ያበላሸ ሠራተኛ ንብረት እንዳወደመ ተቆጥሮ ይጠየቃል። ሬዲዮ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔ እስከማውቀው ድረስ አፉን ዘግቶ የታዘዘው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አራተኛውን በቁጥር ለማስቀመጥ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ እንዲሁ እንደሆነው ልንገርዎ።

ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነበር። ወደ ሆስፒታል ይዘናት የምንሄደው ወላድ ገና ልጅ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጧ ረዝሞባት ደክማለች። አክስቷ ከኋላ ሆና ራሷን ደግፋታለች። ወንዙ መሻገሪያ ጋ ስንደርስ ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ዳሩ ላልቷል፤ የፊት ጎማው ገባና መኪናው በግንባሩ ተደፋ። ሬዲዮ ወርዶ ክሪኩ ላይ የተከመረውን ጭቃ በእጁ ቆፍሮ ገለጠው። ብሎኖቹን በድንጋይ እየቀጠቀጠ፣ ፊቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ልጅቷን ለማጽናናት ቀልድ ያወራ ነበር፤ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ስወለድ እናቴን እንዲህ አስቸግሬያታለሁ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ይላት ነበር። እሷም በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ሳቀች፤ ሳቋን ሰምቻለሁ። ከክሪኩ ሥር ጣውላ አነጠፈና እጀታውን ይጭን ጀመር። መኪናው ቀስ በቀስ ቀና አለ፤ ጎማው ከጭቃው ሊላቀቅ ጥቂት ቀረው። በዚህ ጊዜ ነው አንደኛው ፒን በቀለምና በጭቃ ተይዞ ቀዳዳው ውስጥ በቅጡ ሳይገባ የቀረው። የመኪናው ክብደት በሙሉ እጀታው ላይ መጣ፤ እጀታው ከእጁ አምልጦ ሽቅብ ተስፈነጠረና አገጩን መታው። ድምፁን ልገልጽልዎ አልፈልግም፤ እኔ ግን አሁንም በጆሮዬ አለ።

ሕፃኑን ያዋለድኩት ባዘመመው መኪና ውስጥ፣ አንድ እግሬን በሩ ላይ ተክዬ ነው። እናቲቱ ደም ይፈስሳት ነበር፤ ከማዶ የደረሱ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ወንዙን አሻገሩልን። ለእሷ ስሮጥ ሬዲዮን ጭቃው ላይ ትቼው ሄድኩ። ክቡር ሆይ፣ በሁለት ሰው መካከል መምረጥ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው፤ ደግሜ ማየትም አልሻም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሕፃኑ ተወልዶ ሲያለቅስ፣ ሬዲዮ በደም በተሞላ አፉ መናገር ስላልቻለ አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ አሳየኝ። እናትም ልጅም ዛሬ በሕይወት አሉ። ይህንን ለመምሪያዎ ሪፖርት ጥሩ ዜና አድርገው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ ሥራውን በአስደናቂ ፍጥነት ስለጨረሰ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴው ሬዲዮን ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ጠርቶ፣ ባለቤቱን በር ላይ አስቀርቶ፣ ጥፋቱን በቃል እንዲያስረዳ ጠየቀው። በቃል! አፉ በሽቦ የታሰረውን ሰው! እሱ በእጁ የመጻፍ ምልክት እያሳየ ወረቀት ሲለምን፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ተገቢ ያልሆነ የእጅ እንቅስቃሴ አሳይቷል ተብሎ ሰፈረ። በመጨረሻም ለቀረበለት ጥያቄ ምላሽ ባለመስጠቱ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሮ፣ ክሪኩን በአግባቡ ባለመጠቀምና ባለመንከባከብ ከሥራ እንዲሰናበት ሐሳብ ቀረበ። ውሳኔው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሰሌዳው ፊት ቆማ ስታነብ አብሬያት ነበርኩ። አላለቀሰችም። ባለመንከባከብ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳርፋ ቆየች፤ ሽፋኑን የሰፋችው እሷ ናት።

ተናድጃለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው ብል ውሸት ይሆናል። ከንዴቴ የሚበልጠው ግን ፍርሃቴ ነው። ዋናው ዝናብ ገና አልመጣም። ክሪኩ ደሙ ከታጠበለት በኋላ ተመልሶ ከፊት ተሰቅሏል፤ ግጭት የላጠው ቦታም በአዲስ ቀለም ተሸፍኗል። ወሯ የገባ እናት በር ባንኳኳች ቁጥር ከሆዷ በፊት ሰማዩን መመልከት ጀምሬያለሁ።

ስለዚህ ጊዜዎን ሳላባክን የምለምነው ይህን ነው፤ ያቺን ፊርማ አይፈርሙባት። ሬዲዮ ሽቦው ተፈትቶለት በገዛ አፉ እስኪያስረዳ ድረስ ይጠብቁት። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሩም አይጠፋም። ነገሩን በዝርዝር ስለሚያስረዳዎት ግን ለዚያን ቀን ሌላ ቀጠሮ አይያዙ።

ነጩን ክሪካችንን ባየሁ ቁጥር እርስዎን ከማስታወስ የማልቦዝን፣ የአገጭዎን ደህንነት ዘወትር የምመኝ፣

ከወንዙ ማዶ ያለችው አዋላጅ

ግልባጭ፦ ለጋራዡ ግድግዳ፣ ከማስጠንቀቂያው ጎን

ማስታወሻ፦ በመጪው ወር የጤና ጣቢያችንን አዲስ በር ሊመርቁ እንደሚመጡ ሰምተን ተደስተናል። መንገዱ ያው በወንዙ በኩል ነው። ጭቃ ቢይዝዎ ሳያፍሩ ይደውሉልን፤ በዚያው መኪና፣ ያንኑ ክሪክ ይዘን ፈጥነን እንደርሳለን። ሬዲዮን አሰናብተውት ከሆነ ግን እጀታውን የሚይዝልን ሰው ስለማይኖር እርስዎ ራስዎ ይይዙታል። ሲይዙት እባክዎ አገጭዎን ራቅ ያድርጉ።