ብርድ ልብስ የለበሰ ጊታር

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ያ የጀርባ ሕመሙ ለቀቀው? ልጆቹስ ጎረቤት ማስመረሩን ትተዋል ወይስ በአጎታቸው ወጥተው ቀጥለውበታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ስጽፍ ስንቴ ተነስቼ እንደተመለስኩ አትጠይቂኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድናችን የፊታችን ቅዳሜ ስቱዲዮ ገብቶ የመጀመሪያ አልበሙን ሊቀርጽ ነው። አንቺ «ወፍጮ ውስጥ ብረት የገባ ይመስላል» የምትይው ሙዚቃችን፣ አዎ፣ ሰሚ አገኘ። ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ደግሞ ጊታሩ ካላገሳ ዘፋኙ ቢጮህም ባይጮህም ያው ነው። የሚያገሳው ጊታሩ አይምሰልሽ፣ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ነው። ስለዚህ ከየሰዉ ለምነን ሦስት አምፕሊፋየር መለማመጃ ክፍላችን ውስጥ ደረደርን። አንዱን መርጦ ድምፁን ማስተካከል የጊታሪስቱ፣ ማለትም የኔ ሥራ ሆነ።

አንደኛው ትልቁ ነው፤ ውስጡ እንደ ድሮ ሬዲዮ የሚግሉ አምፖሎች አሉት፣ ገና ሲነኩት እንደ ተቆጣች አማት ያጉረመርማል። ሁለተኛው ቁጥብ ነው፤ ጣትሽን ከክሩ ስታነሺ ወዲያው ዝም ይላል። ሦስተኛው ትንሽዬ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልጣፈው።

ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸው ቁጢጥ ብዬ ነው የከረምኩት። ጌይን የምንለውን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ ስጨምር የንብ ቀፎ ይሆንብኛል፤ ስቀንስ ጥርሱ እንደ ረገፈ ሽማግሌ ይልፈሰፈሳል። መካከለኛውን ድምፅ ጠርጌ ሳወጣው ብቻዬን ስጫወት ያስፈራል፤ ከበሮና ቤዝ ጊታር ሲገቡ ግን ጊታሬ ውሃ እንደነካው ጨው ይሟሟል። እሺ፣ እሱን መለስኩት። ቀጭኑን ድምፅ፣ ትሬብሉን፣ ብጨምር ብጨምር ግን ሦስቱም ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚጮሁ ይመስሉኛል። ገመድ ቀየርኩ። ክር ቀየርኩ። የስፒከሩን ሣጥን ከግድግዳው አራቅሁት። አሁንም ብርድ ልብስ።

ቤዝ የምትጫወትልንን ልጅ፣ በሁሉ ነገር ስለምትፈርድ «ዳኛዋ» እንላታለን። ረቡዕ ዕለት ቤዟን ከትከሻዋ አውርዳ «ወንድሜ፣ ጊታር እየተጫወትክ ነው ወይስ ጥርሴን እየሞረድክ?» አለችኝ። ከበሮ መቺው «ተዋት፣ የሷ ጥርስ መሞረድ ነበረበት» ብሎ ሳቀ፤ እሱም ግን ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ነበር። በዚሁ ተኳረፍን። ዳኛዋ እስከ ዓርብ ድምፅህ ካልተስተካከለ የአክስቴን ልጅ አምጥቼ አስቀርጻለሁ ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ቡድኑን ከመሠረቱት አንዱ እኔ ሆኜ፣ አልበሙ ላይ የሌላ ሰው ጣት ሊሰማ።

ሐሙስ ከበሮ መቺው ሽማግሌ ሆኖ ገባ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንድቀመጥ፣ ዳኛዋ ጊታሬን ተቀብላ ያንኑ አንድ ዜማ እንድትደጋግም፣ እሱ አምፕሊፋየሮቹን እየቀያየረ እንዲያሰማኝ ተስማማን። ጩኸታቸውንም እኩል አደረገው፤ ከፍ ብሎ የጮኸ ሁሌም የተሻለ ይመስላላ፣ ሰውም እንደዚያው አይደል። አንደኛው ተሰማ፤ ብርድ ልብስ። ሁለተኛውም ብርድ ልብስ። ሦስተኛው ላይ ግን ድምፁ ጠራልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ አልኩና «ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ነው የምላችሁ» ብዬ ዞርኩ።

ዳኛዋ መጫወቷን አቁማለች። ከበሮ መቺው ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ጭኗል። ለካ ሊስቅብኝ ብሎ የሦስተኛውን ትሬብል እስከ መጨረሻው አዙሮት ኖሯል። ግን አልሳቀም። ዳኛዋ የሆነ ነገር አለችኝ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁላት። ኋላ ከበሮ መቺው ሲነግረኝ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ነበር ያለችኝ።

ፊታቸውን ሳይ «በይ አንቺው አስተካክይው» አልኳትና ከአምፕሊፋየሮቹ ፊት ተነሳሁ። ለኔ እንዲህ ብሎ መነሳት ቀላል እንዳይመስልሽ። ትልቁን መረጠች። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አስተካክላ ማንም እንዳይነካቸው በነጭ ፕላስተር አሸገቻቸው፤ ማንም ማለት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ ተጫወትን። ስንጨርስ ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ጥሎ አቀፈኝ፤ ይህን ድምፅ እስካሁን የት ደብቀኸው ነበር አለኝ። ዳኛዋም የአክስቷን ልጅ ነገር ሳታነሳ፣ ቅዳሜ እንዳታረፍድ አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ።

እኔ የሰማሁት ያንኑ ብርድ ልብስ ነው። ጉልበቴን የስፒከሩ ሣጥን ላይ አስደግፌ ስለነበር ንዝረቱ አጥንቴ ድረስ ይገባል፤ ልክ መሆኑን ያወቅሁት በሱ ነው። ቅዳሜም ሣጥኑ አጠገብ እቆማለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ታላቅ ስለሆንሽ አይጠፋሽም። አባባ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍቶ «እነዚህ ጋዜጠኞች ምን ያንሾካሹካሉ» ማለት የጀመረው ስንት ዓመቱ ላይ ነው? ከኔ ዕድሜ ይበልጥ ነበር? እንዲያው ነገር ነገርን ሲያነሳው ነው። ለእማዬ እንዳታነሺባት። መልሱን ደግሞ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ስልክ ሰሞኑን አይመቸኝም።

ልጆችሽን በወግ በማዕረግ ያሳድግልሽ፣ ለባልሽ ጀርባውን ያጽናለት፣ አንቺንም ለኔ ያኑርልኝ።

ጯሂው ታናሽ ወንድምሽ