በወይራ የታጠነው ቃጫ

ጥር 6
ከወልቂጤ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን... እግሬ ደንዝዞ ደረስኩ። ቤተ ሙከራው መብራት የለውም። የላብ ቴክኒሻናችን ሰይፉ፣ “ዛሬ ሴሎቻችን ጾመኛ ናቸው” አለ። ይሄ ልጅ ቀልድ መቼም አያልቅበት!

ከሰዓት መብራት መጣ። እማ ከቡታጅራ የላከችልኝን ቃጫ ፈታሁት። ሌላው ገመድ የሚገምደው የእንሰት ክር፣ ለኔ የምርምሬ ዋና ዕቃ። ነጭ፣ ልስልስ ያለ። ሽታው ደግሞ ቤት ቤት አለኝ። ንፁህ ነገር ያስታውቃል እኮ!

ጥር 9
ናጃህ ደወለ። “ፕሮፌሰሯ፣ መርፌውን መቼ ነው የምጥለው?”

ሲቀልድ ነው። ግን ቀልድ ብቻ ነው? ዓይነት አንድ የሚባለው ስኳር፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩበት፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ ያዘው ታናሽ ወንድሜን። አሁን ጎረምሳ ሆኖ ቡታጅራ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ዛሬም መርፌውን የሚወጋው የባጃጁን ሸራ ጋርዶ ነው። “ሰው ካየኝ ሱሰኛ ነው ይላል” ባይ ነው። ከባጃጁ ኋላ በቀይ ቀለም ያጻፈው “ምን አገባህ?” የሚል ነው።

መቼ ልበለው? ልዋሸው?

ጥር 14
እማ “ሥራሽን አስረጂኝ” አለች በስልክ። እንዲህ አልኳት፦ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች የናጃህ ሰውነት ራሱ ነው የገደላቸው። ሌላ ቢተከልለትም ይገድላል። ስለዚህ ሴሉን ከጄልና ከቃጫ በተሠራች፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ በምትል ከረጢት ውስጥ እንሸሽገዋለን። ስኳርና አየር ይገባል፣ ኢንሱሊኑ ይወጣል፣ ገዳዩ ግን አያልፍም።

“ወንፊት በይኛ! ይሄን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?” ብላ ሳቀችብኝ።
“ቃጫውስ ምን ያደርጋል?”
“ጄሉ ብቻውን ይፈርሳል፣ ቃጫው ያጠነክረዋል።”
“የኔ ቃጫ? ናጃህ ሆድ ውስጥ?”
“ኢንሻአላህ።”
ኮራች። እኔም ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ጥር 20
ሞቱ።

ቀለም ሲጨመርበት በሕይወት ያለው ሴል አረንጓዴ፣ የሞተው ቀይ ይሆናል። በማይክሮስኮፑ ባይ ቀይ... ቀይ... ቀይ። ቃጫ በሌለበት ከረጢት ያሉት ግን ደህና ናቸው። እንግዲህ ገዳዩ ቃጫው ነው። የእማ ቃጫ!

ጥር 21
ኃላፊያችን ጠሩኝ። “ሀጀራ፣ ቃጫውን ተይው፤ ተዘጋጅቶ ያለቀ ክር ከውጭ እናስመጣ።” በትህትና ነው ያሉት፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ። ከአዲስ አበባ ካመጣናቸው ሴሎች የቀረን አንዲት ብልቃጥ ናት። እነዚያም ከሞቱ የቃጫው ነገር አበቃ። አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር ብዬ ለመንኩ። እሺ አሉ። እሺስ አሉ፣ ግን ምኑን ልለውጥ?

ጥር 24
ቡታጅራ፣ እማ ቤት። እርጎ በቅል ሰጠችኝ። ገና አፌ ጋ ሳላደርሰው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ወይራ!

“እማ፣ ቃጫውን ምን አደረግሽው?”
“ምን አደርገዋለሁ? አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ በወይራ አጠንኩት።”
“ቃጫ ይታጠናል እንዴ?!”
“የገበያውንማ ማን ያጥነዋል! ይሄ ለልጄ ሥራ የሚሄድ ነው። ሳላጥን ልላከው? ሰው ምን ይለኛል?”

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። የወይራው ጭስ እርጎውን የሚያበላሸውን ተህዋስ ይገድላል፤ ሴሎቼንም ያንኑ አደረጋቸው። እኔም ላብ ውስጥ አጥቤዋለሁ፣ አንጥቼዋለሁ፣ ግን ወይራ እንዲህ በዋዛ አይለቅም። ደግሞ ሲሸተኝ ደስ አለኝ እንጂ ለምን ሸተተ ብዬ አልጠየቅኩም። ወይራ በታጠነ ቤት ያላደገ ሰው ቢሆን ወዲያው ይጠይቅ ነበር።

እማ ፊቷ ተለዋወጠ። “ታዲያ እኔ ነኛ የገደልኳቸው?”
“ንጽሕናሽ ነው እማ።”
“ተይኝ እስቲ!” አለችኝና ማጀት ገባች።

ጥር 25
ጠዋት ስነሳ እማ ከጎረቤታችን ከሃሊማ ጋር እንሰት ጥለው እየፋቁ ነው። “ጭስ ያልነካው ነው የምትፈልጊው? ይኸውልሽ!” ናጃህ ላግዝ ብሎ ቢጠጋ፣ “ወንድ ልጅ እንሰት ሲፋቅ ምን ይሠራል!” ብለው በጩኸት አባረሩት። ቃጫውን በንጹህ ውሃ ደጋግመን አጠብነው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ምድጃ አጠገብ እንዳይደርስ እማ እንደ ዘብ ቆማ ዋለች።

የካቲት 8
የመጨረሻዋ ብልቃጥ ተከፈተች። ሰይፉ፣ “እኔ ለአቡዬ ተስያለሁ። አንቺ ደግሞ ዱዓ አድርጊ፣ ከሁለቱም በኩል እንያዛት” አለኝ። እንግዲህ መጠበቅ ነው።

የካቲት 11
አረንጓዴ!!

አልሐምዱሊላህ... ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ። ስኳር ስንጨምርላቸው ኢንሱሊን አወጡ። ቃጫ የሌለበት ከረጢት ሲሰነጠቅ የእማ ቃጫ ያለበት ንቅንቅ አላለም። ኃላፊያችን አዩ፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። “የውጭው ክር ይቅር” አሉ። ሰይፉ እልል አለ... ወንድ ልጅ እልል ሲል! ዛሬ ያልኮራሁ መቼ ልኮራ ነው?

የካቲት 12
እማ ለገበያው ሁሉ አውርታለች። “የስኳር መድኃኒት ተገኘ እየተባለ ነው” አለኝ ናጃህ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ የለም። ፈራሁ። መርፌውን ቢተውስ? ነገ ዛሬ ሳልል ዓይኑን እያየሁ መንገር አለብኝ። እማን ይዞ እንዲመጣ ጠራሁት።

የካቲት 16
መጡ። እማ አንድ ዓይኗን ጨፍና ማይክሮስኮፑን አየች። “ማሻአላህ! ቡቃያ ነው የሚመስሉት።” ናጃህ ግን ብዙ ቆየ እያየ።

“ይሄ ለኔ ነው?”
“ገና አይጥ ላይ እንኳ አልተሞከረም ናጃህ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት አለው። ላይደርስልህ ይችላል። መርፌህን እንዳትተው... ወላሂ በለኝ።”

ቀና አላለም። “ለኔ ባይደርስ፣ ለአንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይደርሳል አይደል?”
“ይደርሳል ብዬ ነው የምሠራው።”
“ወላሂ አልተውም።”

ምሳ ሲቀርብ መርፌውን በኪሱ ይዞ ሽንት ቤት ገባ። እንደ ድሮው ተደብቆ።

የካቲት 27
ቡታጅራ መናኸሪያ ወረድኩ። ናጃህ ሊወስደኝ ቆሞ ነበር። ባጃጁ ጀርባውን ሰጥቶኛል። “ምን አገባህ?” የለም። በአረንጓዴ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ትልልቅ ፊደል...

“ስኳር አለብኝ። እህትም አለችኝ።”

መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። “ግቢ እንጂ ፕሮፌሰሯ፣ መንገድ ዘጋሽ እኮ!” ይለኛል።